ስም ያልተጻፈባቸው ቅባቶች

አሰላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጠዋት ውርጭ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣ። የላክሽው ዕቃ ሲፈታ የነበርነው እኔ፣ ልጅሽ ሂባ፣ አክስታችን አዴ ገነሜ እና ጎረቤታችን ሸዋዬ ነን።

የአጎቴ ልጅ ፈይሩዛ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ቤት ደጃፍ አይራቅ። እኛ ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። በስልክ ላመሰግንሽ ብሞክርም እንደምታውቂው ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ መሃል ይቀመጣል፤ ሁሉም በየተራ ሰላም ሲልሽ ጊዜሽ ያልቃል። ስለዚህ ቁም ነገሩን በወረቀት አድርጌ በሙንተሲር እልክልሻለሁ። ከሪያድ ዕቃ ሲያመላልስ ለወረቀት ኪሎ አይቆጥርብንም።

መድኃኒቱ ደርሷል። ጠርሙሱ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ አዴ ገነሜ እጃቸውን ዘረጉ። «ከመካ አገር የመጣ ነገር ለብቻ አይቀቡትም፤ በረካው ይሄዳል» አሉ። እኔን በአንቀልባ ያዘሉኝን ሴት ምን ልበላቸው? ከዚያ ሸዋዬ፣ «በይ እኔንም ጠብ አድርጊብኝ፤ ባሌ እንደሆነ ከተጋባን ጀምሮ የሚያየው ኳስ ብቻ ነው፤ እስቲ ዛሬ እንኳ ዞር ካለ!» አለች። ሂባ ሳቀች። ሲያሳክካት እንደምታደርገው ዓይኗን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች ነበር የሳቀችው። ሁሉም ከጠርሙሱ ጠብ ጠብ አስደርጎ ሲሄድ ለሂባ የቀረው ትንሽ ነው።

መመሪያ ወረቀቱን እንደ ልማዴ ይዤ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም በሸዋዬ ሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ማንበብ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ የእንግሊዝኛውን ከሂባ መዝገበ ቃላት ቃል በቃል እያወጣሁ እገፋዋለሁ። መድኃኒቱ ስቴሮይድ የሚባለው ነው፤ ለችፌ ይሆናል። ግን የተሠራው በሎሽን መልክ ነው። ሎሽን ለራስ ቅልና ፀጉር ላለበት ቦታ እንጂ እንደ ሂባ ቅልጥም ለደረቀና እንደ ግንድ ቅርፊት ለወፈረ ቆዳ አይደለም። ከሰዓት ቀባኋት፤ ፈሶ ካልሲዋ ውስጥ ገባ። ስንጥቁ ላይ የቀረው አቃጥሏት ከንፈሯን ነከሰች።

ከቻልሽ ቅባት የሆነውን ፈልጊልኝ፤ ጣት ላይ የሚጣበቀውን፣ ልብስ የሚያበላሸውን። ልጅቷ በክረምቱ መግቢያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለባት፤ እያከከች አታነብም። «ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ እመለሳለሁ» ያልሻትን ግድግዳው ላይ ጽፋዋለች።

ያንቺው ዘሀራ

———

ሪያድ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም እህቴ ዘሀራ፣

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ለልጄ እናት የሆንሽላት ሰው ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራውም ደህና ነው። ማዳም ወልዳለች፤ እንቅልፍ የለም፤ ግን ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። አልቅሼም ስቄም ወጣሁ። የልጄ መድኃኒት የሸዋዬን ባል ከኳሱ ለማዞር ዋለ! የአዴ ገነሜ እጅ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያሸት እጅ ነው። አልፈርድባችሁም፤ እዚያ ብሆን እኔም እሰጣቸው ነበር። ከዓረብ አገር የመጣ ነገር ሸሽገሽ ከያዝሽ ስምሽ እስከ ኢተያ ይነሣል።

ስለዚህ እኔ መላ አለኝ። የሚቀጥለውን ማንም በማይመኘው ዕቃ አድርጌ እልከዋለሁ። አንቺ ብቻ የትኛውን መግዛት እንዳለብኝ አስጽፈሽ ላኪ። የዚህ አገር ፋርማሲ ባሕር ነው፤ ገብቼ «የችፌ» ስላቸው ሁሉም ሽታው ደስ የሚል፣ ቶሎ የሚደርቅ ነገር ነው የሚሰጡኝ። ሙቀት ነዋ! እዚህ ቅባት የሚቀባ የለም። የአሰላን ብርድ እነሱ ከየት ያውቁታል?

ስልኩን ማዳም ዓርብ ብቻ ነው የምትሰጠኝ። አንዳንድ ዓርብም ትረሳለች። ሳልደውል ብቀር ሂባ እንዳትከፋብኝ ንገሪያት። ፎቶዋን ላኪልኝ፤ ፊቷ እንዲታይ አድርጊ፤ ባለፈው ፀጉሯን በዓይኗ ላይ ጥላ ነበር።

ፈይሩ

———

አሰላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ብርድ፤ ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሐኪሟ ጋ የገባነው ሂባና እኔ ብቻ ነን።

ውድ ፈይሩዛ፣

በየሶላቱ የማነሣው ስምሽ ከክፉ ነገር ሁሉ አጥር ይሁንሽ።

ፀጉሯን በዓይኗ ላይ የጣለችው ችፌው የዓይኗ ቆብ ላይ ስለወጣ ነው። እንዳትሰጊ ብላ «አትጻፊላት» ስትለኝ ነበር። አሁን ቆዳ ሐኪም አግኝተናል፤ ወጣት ናት፤ ቸኩላም ቢሆን ስጠይቃት መለሰችልኝ።

እንዲህ ነው ያለችኝ። የቅልጥሟ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ነው፤ የዓይኗ ቆብ ግን የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ስስ ነው። ስለዚህ ለእግሯ ብርቱውን፣ ለፊቷ ደካማውን። ሎሽኑ ለምን እንዳልሠራ ስጠይቃት፣ «የአንዱ መድኃኒት ቅባቱ ከክሬሙ ይበረታል፣ ክሬሙም ብዙ ጊዜ ከሎሽኑ። ቅባት ቆዳው ላይ ተኝቶ እርጥበቱን ስለሚይዝ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ይገባል» አለችኝ። ማታ በፌስታል ብጠቀልለውስ ስላት ደንግጣ አየችኝ። «እሱ ደግሞ የበለጠ ያስገባዋል፤ እኔ ሳላዝሽ እንዳታደርጊው» አለች። እኔ የምጠይቀው ለማወቅ ነበር።

የጻፈችልን ሁለቱም አሰላ የሉም። አንዱ ፋርማሲ «ነገ» ይላል፣ ሌላው «ጠፍቷል»። ሙንተሲር ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶታል። ብርቱው ክሎቤታሶል፣ ደካማው ሃይድሮኮርቲዞን ይባላል። ስሞቹን ሂባ በዓረብኛ ፊደልም ጽፋልሻለች።

ፎቶዋን አልላክሁም። ሲሻላት ትነሣለች።

ዘሀራ

———

አሰላ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፀሐይ፣ አቧራ። ዕቃውን ስፈታ ማንም አልነበረም።

ፈይሩዬ፣

ሰላምታዬ ከደጅሽ ሳይመለስ ይግባልሽ። ሙንተሲር ሁለት ያገለገሉ የፀጉር ቅባት ዕቃዎች አምጥቶልኛል። ክዳናቸው የተፋቀ፣ ማንም የማይመኛቸው። አዴ ገነሜ እንኳ አይተው «ፈይሩዛ ደህይታለች እንዴ?» ብለው አለፉ። መላሽ ሠርቷል።

ግን ደብዳቤ የለም፤ ዕቃዎቹ ላይም ምንም አልተጻፈም። ሙንተሲርን ጠየቅሁት። «በር ላይ ነው የሰጠችኝ፤ ከውስጥ እየጠሯት ነበር፤ ‹ዘሀራ ታውቃለች› ብላ ገባች» አለኝ።

ዘሀራ አታውቅም፤ ፈይሩ። ከሁለቱ የትኛው የትኛው ነው?

ፋርማሲው ጋ ይዣቸው ሄድኩ። ሰውዬው ከፈተ፣ አሸተተ፣ ዘጋ። «እትዬ፣ ይሄ ነጭ ነው፤ ያም ነጭ ነው። የጥርስ ሳሙናም ነጭ ነው» አለኝ። አንዱ የበረታ አንዱ የደከመ መሆኑን ብነግረው ጊዜ፣ «ብርታቱ ቱቦው ላይ እንጂ ሽታው ላይ አይጻፍም። ጣያቸው» አለ። ጣያቸው ማለት ለእርሱ ቀላል ነው። ስንት ሌሊት ሕፃን ታቅፈሽ የገዛሻቸው እንደሆኑ አያውቅም።

ቤት መጥቼ እኔ በማውቀው መንገድ ፈተንኳቸው። ከሁለቱም በጥቂቱ የስኳር ወረቀት ላይ ቀባሁ። አንደኛው ወረቀቱን አልፎ በጀርባው በኩል አብለጨለጨ፤ እጄ ላይ ቀብቼ ውሃ ሳፈስበት ውሃው እየተንከባለለ ሄደ። እርሱ ቅባት ነው። ሁለተኛው ውሃ ሲነካው ወተት ሆኖ ታጠበ፤ ክሬም ነው። ቅባት ይበረታል፤ ስለዚህ ቅባቱ ለእግሯ ነው። ክሬሙ ቀላል ነው፤ ለፊቷ ነው። ሐኪሟ ጋ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት የሂባ የዓይን ቆብ አብጦ አልገለጥ ብሎ ነበር። «አክስቴ፣ የቱም ይሁን ቀቢኝ» አለች። እስከ ነገ ቆዪ አልኳት። ነገም ከአንቺ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ።

ከተሳሳትኩ ቶሎ ጻፊልኝ። ሙንተሲር ነገ ይሄዳል፤ ይህን በእጅሽ ይሰጥሻል።

ዘሀራ

———

አሰላ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዝናብ ሊጀምር ነው፤ ደመናው ዝቅ ብሏል። ይህን ስጽፍ ሂባ አጠገቤ ታነባለች።

ውድ ፈይሩዛ፣

ያለፈው ፆምሽ ተቀባይነት ያግኝ፣ የሚመጣው ዓመት እዚህ ያገናኘን።

ለዒድ በሰው ስልክ ስትደውዪ ቤቱ ሙሉ ነበር። ስለ ዕቃዎቹ ልጠይቅሽ አፌን ስከፍት አዴ ገነሜ ጎኔ ተቀምጠው ነበር። ደብቄያቸው የኖርኩትን ነገር በፊታቸው እንዴት ላንሣው? «የላክሽው ደርሶናል፣ እየተጠቀምን ነው» ብቻ አልኩሽ። «ጽፌልሻለሁ እኮ፣ አልደረሰሽም?» አልሽኝ። አልደረሰኝም ልልሽ ስል ስልኩን ተቀበሉኝና ስለ በጎቻቸው ነገሩሽ። ከዚያ ተቆረጠ። በማግሥቱ ደውዬ ነበር፤ ስልኩን ያነሣው የማላውቀው ወንድ በዓረብኛ ተቆጣኝ። ሙንተሲርም አሁን መንገዱን ወደ ዱባይ አዙሯል።

አላህ ይመስገን ፊቷ ድኗል። ወር ሳይሞላ ነው የጠራው። የዒዱን ፎቶ ስታዪ እንደምታለቅሺ አውቃለሁ፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ ዓይኗን ገልጣ ነው የተነሣችው። ሸዋዬ አይታት፣ «ይቺን ልጅ ደብቂያት፤ የሳጉሬ ነጋዴ ሁሉ ሽማግሌ ይልክብሻል» አለችኝ። ለሁለት ቀን ሳትቀባ ስትቀር ቀይ ሆኖ ይመለሳል፤ ስለዚህ አናቋርጥም።

የገረመኝ እግሯ ነው። ቅባቱን ጠዋትና ማታ እቀባታለሁ፤ ቆዳው ለሰለሰ እንጂ ውፍረቱ ያው ነው። ቅባቱ ብርቱው ነው፤ መዳን የነበረበት እግሯ ነው። የቆየ ነገር ስለሆነ ይሆናል እያልኩ ነው።

ሌላው ደግሞ ብዙ ማንበቧ ራሷን ያማታል። አምፖሉን ስታይ ዙሪያውን ቀለበት ያለበት ይመስለኛል ትላለች። «ቀስተ ደመና ነው፣ አያምም» ብላ ትስቃለች። ለፈተናው ስትል ዓይኗን ጎድታዋለች ብዬ ካሮት መስጠት ጀምሬያለሁ።

የጻፍሽው ደብዳቤ በማን እጅ ነው?

ዘሀራ

———

ሪያድ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ እጄ የገባው ሐምሌ 9 ቀን ነው። ዘሀራ)

እህቴ ዘሀራ፣ አላህ ከነልጄ ይጠብቅሽ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፤ «የትኛው የትኛው ነው?» እስካልሽው ድረስ አንብቤ ማዳም ወሰደችብኝ፤ ዛሬውኑ እየመለስኩልሽ ነው። ሙንተሲር ቀድሞኝ ስለሄደ ይህን የምትይዝልሽ የሳጉሬ ልጅ ናት፤ ኮንትራቷን ጨርሳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት አገሯ ትገባለች። ማዳም ባለፈው ዓርብም ስልኩን አልሰጠችኝም።

ዕቃዎቹ ላይ ልጽፍ እስክሪብቶ ይዤ ነበር፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጠሩኝና እንደዚያው ሰጠሁት። ግን እኔ ነኝ ለአንቺ የምነግርሽ? የቆዳ መድኃኒት ወረቀት እንደ ቁርዓን ያጠናሽ ሰው! እንዲህ ነው፤ ፋርማሲው የጠየቅሽውን በጠየቅሽው መልክ አላገኘልኝም። ለእግሯ የሚሆነው ብርቱው በክሬም ብቻ ነው ያለው፤ ለፊቷ የሚሆነው ደካማው ደግሞ በቅባት ብቻ። «መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ችግር የለውም» አለኝ። ስለዚህ ክሬሙ ለእግር፣ ቅባቱ ለፊት። ክሬሙን በተለይ ከዓይኗ አርቂው ብሎኛል፤ ለዓይን መጥፎ ነው አለ። ፈትነሽ ደርሰሽበት ይሆናል እንጂ እኔ መጻፌ ለወጉ ነው።

የሂባን ፈተና አስቤ ከአሁኑ ልቤ ይመታል። ሻንጣ ገዝቻለሁ፤ ትልቅ፣ ሰማያዊ። አልጋዬ ሥር ነው። ማንም አያውቅም፤ ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።

ፈይሩ

———

አሰላ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሌሊቱን የጀመረ ዝናብ አላቆመም፤ ጭላሎ ከታየ ሰንብቷል። ዓይን ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሂባ፣ እኔ እና ሸዋዬ ነን።

ፈይሩዛ፣

ሰላም ለማለት እጄ አልታዘዘኝም፤ ሰላሙን አንቺው ከአላህ ተቀበዪ።

የሳጉሬዋ ልጅ ደብዳቤሽን ያመጣችልኝ ከሦስት ቀን በፊት ነው። ያን ጊዜ ኮንትራቷን በግድ አራዝመውባት ነበር፤ አሁን ነው የለቀቋት። ደብዳቤውን በሻንጣዋ ኪስ እንደ አደራ ጠብቃ፣ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። ሻይ ሰጠኋት። እየጠጣች ሳለች አነበብኩት።

ከዚያ በፊት የሆነውን ልንገርሽ። ሂባ ፈተናውን ተቀምጣ ነበር። በሁለተኛው ቀን አቋርጣ ወጣች። በግራ ዓይኗ የወረቀቱን ጠርዝ አጥታዋለች፤ የምታየው መሃሉን ብቻ ነው፤ እሱም በጭጋግ ውስጥ። «ዝናቡ ዓይኔ ውስጥ የገባ ይመስለኛል» ብላኝ ነበር። መነጽር ይሆናል ብዬ ለዛሬ ቀጠሮ አስያዝኩላት።

ሐኪሙ ዓይኗን ለካ፤ ደግሞ ለካ። ፊቷ ላይ ምን ትቀቢያለሽ አላት። ሂባ ዞራ አየችኝ። ዕቃዎቹንም ደብዳቤሽንም ይዤ ሄጄ ነበር፤ ሰጠሁት። በመጨረሻ እንዲህ አለ፣ «ይህን የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ የዓይን ቆብ ላይ ለወራት ሲቀባ ወደ ዓይን ይዘልቃል፤ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግላኮማ ይባላል። የግራው የዓይን ነርቭ ብዙው ሞቷል፤ የሞተው አይመለስም። ቀኙን ለማትረፍ እንሞክራለን።» አዲስ አበባ ላከን። እስከዚያ የሚጨመር ጠብታ ሰጠን።

ሸዋዬ ከበሩ ጋ ቆማ ነበር። የምታውቂያት ሸዋዬ ናት፤ ለለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማታጣዋ። ስንወጣ የሂባን እጅ ያዘች፤ ደረጃውን እንደ ሕፃን አስወረደቻት።

እኔ የማስበው የቆዳ ሐኪሟን ንግግር ነው። «የአንዱ መድኃኒት ቅባቱ ከክሬሙ ይበረታል» ብላኛለች። የአንዱ መድኃኒት። ለአንቺ እንኳ ሳላጓድል ጽፌልሻለሁ፤ የታኅሣሡን ደብዳቤ ገልጠሽ እዪው። ጽፌው ሳበቃ እኔው ጣልኩት። መልኩን አይቼ ብርታቱን ያወቅሁ መሰለኝ። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ቢሆኑ ኖሮ ትክክል ነበርኩ። የተለያዩ ናቸው፤ ብርቱው በክሬም መልክም ከደካማው ቅባት በብዙ ይበልጣል። እግሯ አልድን ሲል ፊቷ ሲድን፣ ነገሩ ራሱ ይነግረኝ ነበር። ምንም ያላጠናች ሴት ብሆን ፋርማሲው እንዳለኝ እጥላቸው ነበር።

አንቺ ምልክት ሳታደርጊ ላክሽ፤ እኔ መረጥኩ፤ አዴ ገነሜ እጃቸውን ዘረጉ። ማንን ይዤ ማንን ልልቀቅ? አዴ ገነሜ ትናንት ለሂባ ትኩስ ወተት ይዘውላት መጥተው ነበር። ማየት እንዳቃታት አልነገርናቸውም። «ፊቷ እንዴት አማረ» ብለው ሄዱ።

ሂባ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። «እማዬ ይህን ከሰማች ትመጣለች ወይስ አትመጣም?» አለች። ምን እንደምመልስላት አንቺ ጻፊልኝ። ትመጣለሽ ብላት ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ነው፤ ለዓይኗ ነው። አትመጣም ብላት ለጠብታውና ለአዲስ አበባው ሐኪም እዚያው መቆየት ስላለብሽ ነው። ሁለቱንም አፌ ውስጥ አገላብጬ አይቻቸዋለሁ። ሻንጣውን አልነገርኳትም።

ይህን በስልክ አልነግርሽም። ዓርብ ብትደውዪ ሂባ «ደህና ነኝ» ትልሻለች፤ ቤቱ ሙሉ ይሆናል። እውነቱ ይህ ወረቀት ነው። የሳጉሬዋ ልጅ የምታውቃት አንዲት ሴት ረቡዕ ወደ ሪያድ ትበራለች፤ በእጅሽ እንድትሰጥሽ አስምያታለሁ።

ደብዳቤውን ትናንት እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። ዛሬ ሐምሌ 13 ነው። ጠዋት ያደረግሁትን ልጻፍልሽና ልዝጋው።

ሱብሂ ሰገድኩ። ከጣሪያው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ከባልዲው ቀድቼ አሞቅሁ። ሂባን ቀስቅሼ ፊቷን ያለ ሳሙና አጠብኳት። ክሬሙን መቀባት ስላቆምን ቀይ ሆኖ ተላልጧል፤ ሲነካ ያቃጥላታል። ጠብታውን በሁለቱም ዓይኖቿ ጨመርኩ፤ ሐኪሙ እንዳሳየኝ በአፍንጫዋ በኩል ያለውን ጥግ በጣቴ ጫን አድርጌ ያዝኩ። ዓይኗን ጨፍና «ነግቷል?» አለችኝ። ነግቷል አልኳት። ከዚያ ዕቃዎቹን አወጣሁ። በእስክሪብቶ በአንዱ ላይ «እግር»፣ በሌላው ላይ «ፊት» ብዬ ልጽፍ ሞከርኩ። ፕላስቲኩ ቅባት ጠጥቷል፤ ቀለም አልይዝ አለ። በሙቅ ውሃና በአመድ አጠብኩት፣ በነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁት፣ ደግሜ ጻፍኩ። አሁንም አልያዘም። በመርፌ ቆፍሬ ጻፍኩበት።